የሁለት ወንድማማቾች አውራ ጣት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ምላጭ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ለእጁ ይሁን ለምላሱ ደንበኞቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ግን ትቀድመዋለች። ራሰ በራውን ሰውዬ መስታወት ፊት አስቀምጦ «ካለፈው ይልቅ ዛሬ ሞላ ብሎልሃል» ሲለው፣ ሰውየው ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ያምነዋል። ካርታ ሲጫወት አምሽቶ የገባ ዕለት ደግሞ ለሚስቱ የሚነግራት ታሪክ አያጣም፤ በታሪኩ ውስጥ አንድ የታመመ ሰው፣ አንድ የተበላሸ መኪናና መርቀው የማይጠግቡ አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ ይኖራሉ።

ሚስቱ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትሸወድ ሴት አይደለችም። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ናት። እንቅልፍ የወሰደው መስሎ የሚያንኮራፋውን፣ «አሁን እኮ አሳየሁሽ» የሚለውን፣ ቀጣዩ ፌርማታ እስኪደርስ ኪሱን ሲዳብስ የሚያዘግመውን ሁሉ ገና ከበሩ ትለየዋለች። ባሏንም የምታየው በዚያው ዓይን ነው። ትወደዋለች፤ አታምነውም። ሁለቱን አስታርቃ መኖር ከለመደች ቆይታለች።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት የእግሩ አውራ ጣት ቲማቲም መስሎ የነቃው።

«አንሶላው ነከሰኝ!» ብሎ ጮኸ።

ዛሬ ደግሞ ከምን ሊያመልጥ ነው ብላ ሚስቱ ጣቱን በጣቷ ጫን አደረገችው። ያን ጊዜ ከምላጭ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ውሻ አስጮኸው። እሷም ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ጫማዋን አጥልቃ ታክሲ ልትጠራ ወጣች።

ሪህ ነው ተባለ። ለቤተሰቡ እንግዳ አይደለም፤ አባታቸው በዚሁ ጣት ሲሰቃዩ ኖረው ነው ያለፉት። ታላቅ ወንድሙንም ከያዘው ሰንብቷል። ታላቅ ወንድሙ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚያው ግቢ ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ የሚበላው ግን ከእነ ምላጭ ማዕድ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ሰው ነው። ምላጭ «ጋሼ» ይለዋል፤ ሚስቱም እንደዚሁ። ጋሼ ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል ሁለት ጣቱን አጋጥሞ አየሩ ላይ ይጽፋል።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሟ ደማቸውን አስመርምራ ውጤቱን አየችና እንዲህ አለቻቸው፦

«ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደማችሁ ውስጥ በዝቷል። ሲጠራቀም መርፌ የመሰለ ደቃቅ ነገር ይሆንና መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ኪኒን በየቀኑ ትወስዳላችሁ፤ ቁጥሩን ከስድስት በታች ስናወርደው ጣታችሁ ቀስ በቀስ ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ አገረሸብን ብላችሁ እንዳታቆሙ። ሽፍታ ከወጣባችሁ ግን ወዲያው አቁማችሁ ወደ እኔ ነው።»

ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኪኒን፣ በአንድ መጠን ታዘዘላቸው። ጋሼ የእሱን ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት ገዛ፤ ምላጭ ደግሞ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ካለው። የጋሼ ኪኒኖች ቢጫ ቢጤ ናቸው፣ የምላጭ ነጭ።

የምላጭ ሚስት በዚያው ቀን በወጥ ቤቷ አዋጅ አስነገረች። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ሥጋ በስሙም አይጠራም። ቢራ የሚባለውንም ረስታችሁታል።» ከዚያ ወዲያ ማዕዱ ላይ ምስር ሲሄድ ጎመን፣ ጎመን ሲሄድ ምስር ይመጣ ጀመር። ጋሼ «ሥነ ሥርዓት ማለት ይህ ነው» እያለ ጎመኑን እንደ መድኃኒት በዝግታ ያኝካል።

አሁን የሚያስገርመው ነገር መጣ። ምላጭ ታመነ። ያ ጠዋት አስደንግጦት ነበርና ጥርሱን ሳይፋቅ ኪኒኑን ይውጣል፤ ካርታ ተጫዋቾቹ ቢራ ሲጋብዙት መስታወቱን ይወለውላል፤ ጥብስ ሲሸተው መንገድ ይቀይራል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ንጹሕ ወቅት አልፎበት አያውቅም። ራሱም ገርሞት ብቻውን ሲሆን ይስቅ ነበር።

ከወር በኋላ ሐኪሟ የቀጠረችው የምርመራ ቀን ደረሰና ሦስቱም አብረው ሄዱ። የጋሼ ቁጥር ከስድስት በታች ሆኖ ተገኘ። የምላጭ ግን ካለበት ፈቅ አላለም፤ በስምንትና በዘጠኝ መካከል ተቀምጦ እግሩን አነባብሯል።

ሐኪሟ ወደ ምላጭ ዞር ብላ «ሳያቋርጡ ነው የሚወስዱት?» ስትል፣ ምላጭ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ ደግሞ ሳቋን ለማፈን መስኮቱን ታይ ጀመር። ሐኪሟም ልጅ አይደለችም፤ የገባት መሰላት።

«እንግዲህ በሚቀጥለው ወር በትክክል ወስደው ይምጡ» አለችው፣ በለስላሳ ድምፅ። ያ ለስላሳነት ምላጭን ከጣቱ ሕመም ይልቅ አቃጠለው።

«በትክክል ነው የምወስደው!» አለ መንገድ ላይ።

«እሺ» አለች ሚስቱ። ትኬቴን ንፋስ ወሰደው ለሚላት ሰው የምትለው «እሺ» ነው።

«ምን ሆናችሁ ነው? እኔ እኮ...»

«ቁጥር አይዋሽም» አለ ጋሼ፣ አየሩ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ከሥሩ እያሰመረበት። «አንድ አባት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ኪኒን። ይህን ሁሉ ከሁለቱም ወገን ብትቀንሰው የሚተርፈው ልዩነት አንድ ብቻ ነው። ጠባይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ የሥራ ኮፍያዋን እንዳደረገች አልጋው አጠገብ ትቆማለች።

«ዋጥ።»

«ዋጥኩ።»

«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። ወደ ግራ።»

«ሴትዮ፣ አውቶቡስ ነኝ እንዴ?»

«አውቶቡስማ ቆሞ ያስፈትሻል። ወደ ቀኝ።»

ከመሄዷ በፊት ደግሞ ትራሱን ታነሳለች፣ የአበባውን ማሰሮ ትነካካለች፣ የጫማውን ውስጥ ታያለች። ምንም አታገኝም። ምንም አለማግኘቷ ደግሞ ጥርጣሬዋን ያባብሰው ነበር፤ በሥራዋ ብዙ ሌባ አይታለች፣ ጨርሶ ዱካ የማይተው ግን ከባዱ ሌባ ነው።

በወሩ አጋማሽ ጣቱ እንደገና አበጠ። ሐኪሟ ሊያገረሽ ይችላል ብላ የተናገረችውን ማንም አላስታወሰለትም። ሚስቱ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ እያስያዘችው «ማን ቤት ነው የበላኸው? አልቆጣህም፣ ብቻ ንገረኝ» ስትለው ምላጭ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሺህ ጊዜ ሲዋሽ አንገቷን ነቅንቃ ያለፈችው ሴት፣ አንድ ጊዜ እውነት ቢናገር ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለች!

ተኝቶ ሲያስብ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ጥፋቱ የእሱ ካልሆነ የኪኒኑ ነው። ያ መድኃኒት ሻጭ ጠመኔ ፈጭቶ ሸጦለት ይሆናል። የጋሼ ቢጫው ነው እውነተኛው። ታዲያ እውነቱ በምን ይታወቃል? ምላጭ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ቀጥተኛው አልነበረም።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ሊንሸራሸር ሲወጣ፣ ምላጭ የኪኒኑን ብልቃጥ ኪሱ ከትቶ እያነከሰ ወደ ክፍሉ ገባ። ክፍሏ እንደ ባለቤቷ ናት፤ አልጋው የተወጠረ፣ ጫማዎቹ በሰልፍ የቆሙ፣ መጻሕፍቱ በቁመታቸው የተደረደሩ። የጋሼን ብልቃጥ መሳቢያ ውስጥ አገኘው። የወንድሙን ቢጫዎች ወደ ራሱ፣ የራሱን ነጮች ወደ ወንድሙ ገለበጠ። ጋሼ ያለ መነጽሩ ቢጫን ከነጭ አይለይም፤ ኪኒኑን የሚውጠው ደግሞ መነጽሩን ከማድረጉ በፊት ነው።

ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል አንድ ሽታ አፍንጫውን ያዘው። ቆመ። አሸተተ። ሽታው እየመራ ወደ መጻሕፍቱ ወሰደው። ከወፍራሙ መዝገበ ቃላት ኋላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተሸጉጧል። ከፈተው።

የተጠበሰ ጉበት! በሽንኩርትና በቃሪያ፣ በልኩ ተቆራርጦ፣ ከላዩ ወረቀት የለበሰ። አጠገቡ ንጹሕ ሹካ ተጋድሟል።

ምላጭ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ሥነ ሥርዓት! ጠባይ! አንድ ቁራሽ ቢያነሳ ማንም አይነቃበትም፤ የደበቀውም ሰው ተሰረቅሁ ብሎ አይከስም። ምራቁን ዋጠ። እንደገና ዋጠ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመና መዝገበ ቃላቱን ወደ ቦታው ገፋው። ምላጭ በዕድሜው የፈጸመው ትልቁ ጀግንነት ይህ ነበር፤ አንድም ሰው አላየለትም።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አጣብቂኝ ውስጥ መግባቱ ታወቀው። ጉበቱን ቢያጋልጥ «አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» መባሉ አይቀርም። ካልተናገረ ደግሞ ማታ ማታ በማዕዱ ፊት የጋሼን ስብከት መስማት ግዴታው ነው። ጋሼ «ዋናው ነገር ፈተናን ድል መንሳት ነው» ባለ ቁጥር ምላጭ ጎመኑን በጥርሱ ብቻ ሳይሆን በቂሙም ጭምር ያኝከው ጀመር።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። በቢጫዎቹ የእሱ ቁጥር ይወርዳል፤ በጠመኔዎቹ የጋሼ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚስቀውን ሳቅ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰው በሌለበት መስታወት ፊት ተለማመደው።

ቀኑ ደረሰ። ሦስቱም ሐኪሟ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ። ወረቀቶቹን አነበበችና ግንባሯን ኮስተር አደረገች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እንደነበረው ነው፤ በጣም ጥሩ። የእርስዎ ግን...» ወደ ምላጭ ዞረች። «አሁንም ስምንትን አልለቀቀም።»

የተለማመደው ሳቅ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ጠመኔ የተባለው ጠመኔ አይደለም፤ እውነተኛው የተባለውም እሱን አላዳነውም። ታዲያ ምንድን ነው?

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ኪኒኑን ይወስዳሉ ወይስ አይወስዱም?»

ምላጭ አንገቱን ደፋ። ማን ያምነዋል? በዚህ ጊዜ ሚስቱ ከወንበሯ ተነሳች።

«ዶክተር፣ የእኔ ሥራ ሰው መያዝ ነው» አለች። «ይህን ሰውዬ ለመያዝ ያላደረግሁት የለም። አፉን ከፍቼ አይቻለሁ፣ ጫማውን አራግፌአለሁ፣ ፀጉር ቤቱ ድረስ ተከትዬው ከመንገድ ማዶ ቆሜአለሁ። ሊገባኝ አልቻለም እንጂ፣ ይወስዳል። አንድም ቀን አልዘለለም። ይህን ስናገር ለራሴም ይቀፈኛል።»

ምላጭ ቀና ብሎ አያት። ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር ከአፏ አልሰማም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጋሼ ግን የማይታየውን ጠመኔውን አነሳ። «ኪኒኑን ቢውጥስ? ተደብቆ ይበላል ማለት ነው። እኔን ይመልከቱ ዶክተር፤ ምስርና ጎመን፣ ሥነ ሥርዓት...»

«ጋሼ፣ ጉበቱን ንገራት!» አለ ምላጭ።



«የምን ጉበት?» አለች ሚስቱ፣ በዝግታ።

«ከመዝገበ ቃላቱ ኋላ ያለው። ሹካም አለው።»

የጋሼ ሁለት ጣቶች አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። ከዚያ እንደ ድሮው መምህር ሆኖ ጠየቀ፦ «አንተ እኔ ክፍል ውስጥ ምን ልትሠራ ገባህ?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለና ምላጭ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ቢጫውን፣ ነጩን፣ ጠመኔ ነው ያለውን፣ ሳይነካው የመለሰውን ጉበት ሳይቀር። «አንዲት ቁራሽ አልቀመስኩም!» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ከጠቅላላው ታሪክ ሚስቱ ማመን ያቃታት ይህችኛዋ ክፍል ነበረች።

ሐኪሟ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቱን ስታወርደው ግን ቁጣዋ እውነተኛ ነበር።

«የሰው መድኃኒት መለዋወጥ ሁለተኛ እንዳይለምድዎት። እድለኛ ሆናችሁ፤ መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑም አንድ ስለሆነ ነው። ባይሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።» ከዚያ ቀጠለች፦ «ግን አንድ ነገር አሳይተውናል። ኪኒኑ ተለዋወጠ፣ ቁጥሩ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ኪኒኖቹ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ የሚለየው ሰውነታችሁ ነው።»

«ከአንድ አባት ተወልደን?» አለ ጋሼ።

«ከአንድ አባት ተወልዳችሁ ሸሚዛችሁ አንድ ልክ ነው?»

ጋሼ የወንድሙን ሰፊ ትከሻና ቦርጭ አየና የራሱን ሸሚዝ ቁልፍ ነካ አደረገ።

«የአንዱ ኩላሊት ይህን ነገር በደንብ ያስወጣል፤ የሌላው ቋጣሪ ነው፣ ይዞ ያስቀራል። አንዱን ትንሽ መጠን ይበቃዋል፤ ሌላውን እጥፉም ላይበቃው ይችላል። ምግብ የራሱ ድርሻ አለው፤ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ጎመን ብቻውን ከስምንት ወደ ስድስት አያወርድም። ጋሼ፣ የእርስዎን ቁጥር ያወረደው ሰውነትዎ ለኪኒኑ ቶሎ መታዘዙ ነው። ጉበቱ ግን ጣትዎን ሊቀሰቅሰው ስለሚችል ይጠንቀቁ።» ወደ ምላጭ ዞረች። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለ ምላጭ።

«አለ» አለች ሚስቱ፣ ቦርሳዋን እየከፈተች። «የደም ግፊቱ። ስንት ዓመቱ! ሽንት ቤት የሚያመላልሰው።»

«ያቺማ መድኃኒት መሆኗን ረስቼአት ነው» አለ ምላጭ። እውነቱን ነበር።

ሐኪሟ ኪኒኑን አገላብጣ አየችና ተነፈሰች። «ይቺ ውሃውን ታስወጣለች፣ ዩሪክ አሲዱን ግን ታስቀራለች። መጀመሪያውኑ መጠየቅ ነበረብኝ። የግፊቱን በሌላ እንቀይራለን፤ የሪህዎን መጠን ደግሞ ደምዎን እያየን ቀስ በቀስ እንጨምራለን። ባለፈው ጊዜ ልጨምርልዎ ይገባ ነበር። ጉሮሮ ሲጠረግ ሰምቼ ተውኩት።» ይህን ስትል ወደ ጋሼ አላየችም፤ ጋሼ ግን አንገቱን ደፋ።

ወደ ቤት ተመለሱ። ግቢው በር ላይ ጋሼ ቆመ።

«አንተ» አለ ወንድሙን። «እውነት አልቀመስከውም?»

«ሙት!»

«በጣም ጥሩ ነበር እኮ» አለ ጋሼ፣ በሐዘን፤ ቆርቆሮውን ሊያስረክብም ወደ ክፍሉ ገባ።

የምላጭ ቁጥር ወዲያው እጁን አልሰጠም። መጠኑ ሲጨመር ጣቱ አንዴ በክፉ አገረሸበት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሚስቱ ማን ቤት በላህ አላለችም፤ ፈቃድ ወስዳ አብራው ዋለች፣ ካርታም አስተማራት ሲባል ሰማን። አስተማርኳት የሚለው እሱ ነው እንጂ እሷ እንኳ አትለውም። ቁጥሩ ወደ ሰባት ወረደ፤ እንደገና ተጨመረለት፤ በመጨረሻ ስድስትን አልፎ ቁልቁል ሄደ። ጋሼ ውጤቱን ሲሰማ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ስለ ሥነ ሥርዓት የተናገረው ነገር አልነበረም፤ ይልቅ ከምላጭ ሚስት ጋር ተነጋግሮ አልፎ አልፎ ትንሽ ሥጋ በግልጽ ማዕድ ላይ እንዲቀርብ ያስፈቀደው እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ አንድ እግሩን በጫማ፣ ሌላውን በነጠላ ጫማ አድርጎ እያነከሰ ፀጉር ቤቱ ገባ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምላጭ፣ ያቺ ኪኒንህ አድናሃለች አሉ። ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል አድርግልኝ።»

«አይሆንም።»

«አንተ ደግሞ! ቋጠርክ?»

«የእኔ መጠን ለእኔ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ለወንድሜ የበቃው ለእኔ አልበቃም፤ ለእኔ የበቃው አንተን ሊጎዳህ ይችላል። ሂድና ደምህን አስመርምር፤ ሌላ የምትወስደው ካለም አትደብቃት።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየውና ሳቀ። «ደግሞ የምን ተረት ነው? አንተ መቼ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?»

የምላጭ ሚስት ከሥራ ስትመለስ የምሳ ዕቃውን ልትወስድ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ኮፍያዋን እንዳደረገች፣ ሾፌሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እውነቱን ነው» አለችው።

ምላጭ እንዲህ ያለ ቃል በደንበኛ ፊት ሲነገርለት የመጀመሪያው ነበር። እጁ ደነገጠ፤ መቀሱም ከሾፌሩ ጆሮ በላይ ካለችው ፀጉር ላይ ያልታሰበች ቁራሽ ቆረጠ።

«ምን አደረግህ?» አለ ሾፌሩ።

«አዲሱ ፋሽን ነው» አለ ምላጭ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ።